ስለ ሕፃናት ጨዋታና ስለ ንባብ

ሕፃንን ማሳደግ ማለት ማጥባትና ማልበስ ብቻ የሚመስላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የልጅ አንጎል ሁለት ዓመት ሲሞላው ከሙሉ ሰው አንጎል መጠን ከመቶ 80 እጅ ያህል ስለሚደርስ፥ በዚያ ዕድሜ የቀረውን ጨዋታና ጭውውት በኋላ መተካት ቀላል አይደለም። ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ በ2010 ዓ.ም. ባወጡት መምሪያ፥ ልጅን እያዋዩ ማስተማርን ከጤናና ከምግብ ጋር አስተካክለው ቈጥረውታል።

በጋምቤላ የሚኖሩት የኑዌር ሕዝብ ይህን ከጥንት ያውቁታል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ የኑዌር ልጆች በጭቃ በረት ሠርተው፥ የጭቃ ላምና በሬ አስገብተው፥ እረኝነትንና ጋብቻን ይጫወታሉ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋምቤላ ተሰደዋል። ቤቱና ከብቱ የቀረበት ሕፃን እንኳ ጭቃውና የእናቱ ድምፅ ይተርፉለታል።

መጽሐፍም እንደዚሁ ነው። ሕፃኑን በጭን አስቀምጦ ሥዕሉን በጣት ማሳየት፥ ስሙን መጥራት፥ እርሱም በዓይኑ ወይም በድምፁ እስኪመልስ ጥቂት መታገሥ ይበቃል። ፊደል ያልቈጠረች እናትም ሥዕሉን በገዛ ቋንቋዋ ልትተርከው ትችላለች።

እንግዲህ መጻሕፍት በሞሉበት ቤት የምንኖር ሰዎች፥ ማታ ከሥራ ስንመለስ ልጁን ለሞግዚት ብቻ አንተወው። የስደተኛዋ ልጅ ከእናቱ የሚያገኘውን ጭውውት የሹም ልጅ በአባቱ ቤት ሊያጣው አይገባም።