አሮጌ ፈጣን ጀልባ ከመግዛት በፊት፦ ቀለም የሸፈነውን ፊዚክስ ሲገልጠው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ስለ አሮጌ ጀልባ የተነገረ ባይሆንም፣ ለዛሬው ርእሳችን ከእርሱ የተሻለ መግቢያ አላገኘንም። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳና በሌሎችም የባሕርና የሐይቅ ጠረፎች፣ ከ20 ወይም ከ30 ዓመታት በፊት የተሠሩ ፈጣን የሞተር ጀልባዎች ከአዲስ ጀልባ ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ለሽያጭ ይቀርባሉ። ቀለማቸው ያበራል፤ ወንበራቸው በአዲስ ቆዳ ተለብጧል፤ ሞተራቸው ሲነሣ ልብ ያሞቃል። ይሁን እንጂ ከሚያብረቀርቀው ቀለም ሥር የበሰበሰ እንጨት፣ ከሚያገሣው ሞተር ውስጥም የጨው ውኃ የበላው ብረት ሊኖር ይችላል። ይህን ሳይመረምር የገዛ ሰው የጥገናው ወጪ ከግዢው ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል። ዕድለ ቢስ ከሆነም ጉድለቱን የሚያውቀው ቤተሰቡን አሳፍሮ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲበር ነው።

አንባቢያን «የባሕር በር በሌላት አገር ይህ ምን ይረባናል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አንድን ነገር ሳይሰብሩና ሳይቆርጡ ውስጡን እንዴት ማወቅ ይቻላል የሚለው ጥያቄ ድልድይ ለሚመረምር መሐንዲስም፣ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰውም የጋራ ነው። መልሱ ደግሞ በአብዛኛው በትምህርት ክፍል ውስጥ የምንማረው ፊዚክስ ነው።

ፍጥነት የሚያስከፍለው ዋጋ

በዝግታ የምትሄድ ጀልባ ውኃውን እየገፋች ስለምትጓዝ ራሷ በምትፈጥረው ማዕበል ትገደባለች። 8 ሜትር ርዝመት ላላት ጀልባ ይህ ገደብ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣን ጀልባ ግን በሞተሯ ጉልበት ገደቡን ጥሳ ከውኃው ገጽ ላይ ትንሸራተታለች። ከዚያ በኋላ የሚያሰጋት ማዕበሉ የሚያደርስባት ምት ነው።

እስቲ እናስላው። ጀልባዋ ማዕበል አንሥቷት 1 ሜትር ዘልላ ብትወድቅ ውኃውን የምትነካው በሴኮንድ 4.4 ሜትር ፍጥነት ነው። ውኃው በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያቆማት ወለሏ ከክብደቷ ከ10 እጥፍ በላይ የሆነ ኃይል ይሸከማል። የማቆሚያው ርቀት በእጥፍ ቢረዝም ግን ምቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አሜሪካዊው ንድፍ አውጪ ሬይመንድ ሃንት የጀልባን ወለል እንደ ሽብልቅ ያሾለው ስለዚህ ነው። ሽብልቁ ውኃውን ቀስ በቀስ እየሰነጠቀ ስለሚገባ ምቱ ይለዝባል። በእርሱ ንድፍ የተሠራችው የሪቻርድ በርትራም ጀልባ «ሞፒ» እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ የተደረገውን ውድድር በከባድ ማዕበል ውስጥ ካሸነፈች በኋላ ይህ ቅርጽ የፈጣን ጀልባዎች መለያ ሆነ።

እንግዲህ አሮጌ ጀልባ ማለት እንዲህ ያለውን ምት ለዓመታት ሺህ ጊዜ የተቀበለች ማለት ናት። የመጀመሪያው ምርመራም በዚሁ ምክንያት ከአካሏ ይጀምራል።

መዶሻና ጆሮ

አካሏ የሚሠራው ፖሊየስተር ሬዚን በተባለ ሙጫ ከተያያዘ የመስታወት ጭረት ነው፤ ፋይበርግላስ የምንለው ይህ ነው። የአንድ ጠፍጣፋ ነገር ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚጨምር፣ ሠሪዎች በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ቀላል የባልሳ እንጨት በማስገባት ክብደት ሳይጨምሩ ያወፍሩታል። ሞተሩ የሚገፋበት የኋላ ግድግዳና ከወለሉ ሥር የተዘረጉት ተሸካሚ ወራጆች ደግሞ በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ውስጥ በፋይበርግላስ የተሸፈነ ኮምፔንሳቶ ናቸው። ፋይበርግላስ አይበሰብስም፤ እንጨት ግን ይበሰብሳል። አንድ ሰው መሰላል ወይም መብራት ለመግጠም ቀዳዳ በስቶ በሚገባ ሳይደፍነው ቢቀር፣ ውኃ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ለዓመታት በስውር ሥራውን ይሠራል።

የገበያ ሴቶቻችን እንስራ ሲገዙ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ። ጤነኛው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የጀልባ መርማሪም በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ የጀልባዋን አካል በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ እየመታ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሚገባ የተጣበቀ ንጣፍ ግትር ስለሆነ ጥርት ያለ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ንጣፉ ከእንጨቱ ከተላቀቀ ወይም እንጨቱ ከበሰበሰ ግትርነቱ ይቀንሳል፣ የንዝረቱ ኃይልም ቶሎ ይዋጣል፤ ስለዚህ ድምፁ ወፍራምና ድፍን ይሆናል።

ሁለተኛው መሣሪያ የእርጥበት መለኪያ ነው። የውኃ አንጻራዊ ፐርሚቲቪቲ 80 ገደማ ሲሆን፣ የደረቅ እንጨትና የፋይበርግላስ ግን ከ2 እስከ 5 ብቻ ነው። በዚህ ሰፊ ልዩነት ምክንያት መለኪያው ጥቂት ውኃን እንኳ ከውጭ ሆኖ ይለያል። ነገር ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለ ብረት ወይም መዳብ ያለበት የታችኛው ቀለም ሊያሳስተው ይችላል። መዶሻውና መለኪያው በአንድ ቦታ ላይ ሲስማሙ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። የጣና ጀልባ ቀዛፊዎች ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ታንኳቸው እንደሚከብድ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከውኃ አውጥተው ያደርቋታል። የፋይበርግላስ ጀልባ ወለል ውስጥ የተሞላ ስፖንጅ ውኃ ከጠጣ ግን በቀላሉ አይደርቅም። ጀልባዋን ከነተጎታቿ በመኪና ሚዛን ላይ አውጥቶ፣ የተጎታቿንና የነዳጇን ክብደት ቀንሶ፣ የቀረውን ፋብሪካው ካሳወቀው ጋር ማነጻጸር የተሰወረውን ውኃ በኪሎ ግራም ይነግረናል።

ሁልጊዜ ዳገት የሚወጣ ሞተር

በሜዳ የሚሄድ መኪና ከሞተሩ አቅም ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል። የፈጣን ጀልባ ሞተር ግን የዓባይን በረሃ ያለማቋረጥ እንደሚወጣ የጭነት መኪና ነው። ስለዚህ «የሠራው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን አያጽናናም።

ገዢው ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ማግኘት አለበት፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር በአነሣሥ ጊዜ የሚታየውን ችግር ይደብቃልና። ከዚያም ካንዴላዎቹ ወጥተው የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካል። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ይበልጥ ይናገራል፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ቢያንስ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። የቁጥሩ መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያልና። ለምሳሌ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፍጹም ጤነኛ ሞተርም በዚያ ሲለካ በግምት አንድ አምስተኛ ቀንሶ ይታያል፤ ጉልበቱም እንዲሁ።

የሞተር ዘይት ናሙና ደግሞ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በዚያ ናሙናው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም በጋለ ጋዝ ይሞቃል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገርም የራሱን የብርሃን ሞገድ ርዝመት ያወጣል። ብረት ከበዛ የሲሊንደር ወይም የሌላ ክፍል መበላት፣ መዳብ ከበዛ የተሸካሚ ቀለበቶች ማለቅ ይጠረጠራል። 589 ናኖ ሜትር ላይ የሚታወቀው የሶዲየም ቢጫ ብርሃን ከደመቀ ደግሞ የባሕር ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች የጭስ መሰብሰቢያው ብረት በባሕር ውኃ ስለሚቀዘቅዝ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ሲበሳ ውኃው ወደ ሲሊንደር ይገባል። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ፒስቶኑ ሲመጣ የሚሰበረው ብረቱ ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል መቼ እንደተቀየረ በደረሰኝ ይጠየቅ።

መሥዋዕት የሚሆነው ብረት

ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማውም ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ ለማዳን ይበልጥ ቶሎ የሚበሉ ብረቶችን አብሮ ማያያዝን አቀረበ። ዛሬም በጀልባ ማስተላለፊያ ላይ የሚታሰረው የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ሥራው ይኸው ነው፤ እርሱ ይበላል፣ ማስተላለፊያው ይተርፋል። ገዢው በከፊል የተበላ ቁራጭ ቢያይ ሊደሰት ይገባል። ለዓመታት በባሕር ቆይቶ እንደ አዲስ ያለ ቁራጭ ግን ወይ በቀለም ተሸፍኗል ወይ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ እንዲህ ከሆነ የተበላው ሌላ ነገር ነው። በዚያው አካባቢ ያለው እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ጎማም ስንጥቅ እንዳይኖረው በእጅ ይዳሰስ፤ እርሱ ከተቀደደ ጀልባዋ ቆማ ሳለች ልትሰጥም ትችላለች።

የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ በጀልባዋ ሆድ ይተኛል፤ አየር ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል ሲደርስም ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሣት በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማሽተትና ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ ማሠራት ግዴታ ነው። ሽታ ካለ ሙከራው በዚያው ይቁም።

በውኃ ላይ የሚደረግ ፈተና

የመጨረሻው ዳኛ ጉዞው ነው። ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር 25 ኢንች (63.5 ሴንቲ ሜትር) እንዲራመድ የተሠራ ነው እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 4,800 ጊዜ ሲዞር ማርሹ በ1.5 ቢያካፍለው ፕሮፔለሩ በደቂቃ 3,200 ጊዜ ይዞራል። ምንም መንሸራተት ባይኖር ጀልባዋ በሰዓት 122 ኪሎ ሜትር ትጓዝ ነበር። በጂፒኤስ በሁለቱም አቅጣጫ ለክተን አማካዩን 107 ብናገኝ መንሸራተቱ 12 በመቶ ነው፤ ይህ ለእንዲህ ያለች ጀልባ ጤነኛ ነው። እጅግ ከበለጠ ፕሮፔለሩ ተጎድቷል፣ ወይም ጀልባዋ ውኃ ጠጥታ ከብዳለች ማለት ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ጀልባ በኋላ ግድግዳው በስተቀኝ በኩል ባለ 12 ሆሄና አኃዝ መለያ አለው። ይህ መለያ ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉን ማየትም ከምርመራው የሚቆጠር ነው። ከዚያም ገለልተኛ መርማሪ ይቀጠር፤ ክፍያው ከአንድ የበሰበሰ የኋላ ግድግዳ ጥገና እጅግ ያንሳል። ሻጩ ምርመራን ወይም የውኃ ላይ ሙከራን ከከለከለ ግዢው ይቅር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና።

ለአንባቢያን የቀረበ ጥያቄ፦ አንድ ሻጭ ጀልባዋ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር እንደምትሮጥ ይናገራል። ፕሮፔለሯ በአንድ ዙር 58 ሴንቲ ሜትር ይራመዳል፤ ማርሿ በ1.5 ያካፍላል፤ ሞተሯ ቢበዛ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይዞራል። ሻጩን እናምነዋለን? ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ፍረዱ።