ያውቁ ኖሯል? የአሶሳ አለቶችና የጠፋው ውቅያኖስ

ማዕበል የሚመታቸውን የባሕር ዳርቻ አለቶች ለማየት የሚጓጓ ሰው አሶሳን አያስባትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሆኖም እሷ በምትገኝበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሚታዩት አለቶች ብዙዎቹ የተፈጠሩት ባሕር ውስጥ ነው!

የሥነ ምድር ሊቃውንት የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የሚሉት ጥንታዊ ባሕር ከ500 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ጥንታውያን አህጉራት ሲጋጩ ተዘጋ። ወለሉ ላይ የተከማቸው ደለልና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በግፊትና በሙቀት ተለወጠ፤ የኖራ ድንጋዩም እብነ በረድ ሆነ። በዚሁ ክልል ለሕንፃ የሚቆረጠው የዳለቲ እብነ በረድ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

በአሶሳ ዙሪያ ብቻቸውን ቀጥ ብለው የሚታዩት የግራናይት ኮረብታዎች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ከምድር በታች ቀልጦ፣ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ድንጋይ ናቸው። በላያቸው የነበረው አፈርና ዓለት በዝናብ ተሸርሽሮ ሲያልቅ፣ ሸክሙ የቀለለላቸው አለቶች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ እየተላጡ ክብ ሆኑ።

የሰው ልጅም ተጠልሎባቸዋል። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ካአባና ቤል ኩርኩሙ በተባሉ የአለት ጥላዎች ሥር ቆፍረው፣ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችን አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርሱ እባክዎ ስምዎን አለቱ ላይ አይጻፉ፤ ከመሬቱም ስባሪ ድንጋይ አያንሡ።

ክረምት ላይ ሣሩ ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ፣ አለቶቹ ከእግራቸው እስከ ራሳቸው የሚታዩት በበጋ ነው።