ዓይን የማያየውን የብርቱካን ቁስል በአልትራቫዮሌት መብራት ስለመለየት

ብርቱካን ለቅመን በሳጥን ስንደረድር ሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ከቀናት በኋላ ግን ጥቂቶቹ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሰው ይገኛሉ፤ ነጋዴው ደግሞ ዋጋ የሚቀንሰው በሙሉ ሳጥኑ ነው። ይህ ሻጋታ ጤነኛ ልጣጭ በስቶ አይገባም፤ የሚገባው በጭረት ነው።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ማሸጊያ ቤቶች ሠራተኞች የተጎዳውን ፍሬ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ይለያሉ። መብራቱ ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት ነው። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉት። ልጣጩ ሲጎዳ ወይም መበስበስ ሲጀምር ዘይቱ ይፈስሳል፤ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮችም መብራቱ ሲያርፍባቸው ደምቀው ያበራሉ። ካሜራ ከተገጠመለት ማሽኑ ራሱ ፎቶ አንስቶ ይለያል። ያበራ ሁሉ ግን ይበሰብሳል ማለት አይደለም፤ ስለ ጣዕሙም አይነግረንም። የምትሞክሩ ካላችሁ መብራቱን በቀጥታ አትመልከቱ።

መብራቱ ቁስልን ያሳያል እንጂ አያድንም። ስለዚህ ፍሬውን አትጎትቱ፤ በመቀስ ቁረጡ፤ የምትቀረው ጭራም ሌላውን እንዳትወጋ አሳጥሯት። ጤዛው ሳይደርቅ አትልቀሙ፤ ልጣጩ ውሃ ሲጠግብ በትንሽ ግፊት ዘይቱን ይለቃል። መሬት የወደቀውን ለብቻው አስቀምጡ።