ለረጅም መንገድ የተሳቢ ጎማ እንዴት ይመረጣል?

በ2016 ዓ.ም. የትምህርት መዝጊያ በዓላችን ዕለት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ሽልማቷን ስትቀበል አባቷ በቦታው አልነበሩም። ከአገር ቤት ጭነት ይዘው በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲመጡ ዲክሂል ሳይደርሱ የተሳቢያቸው አንድ ጎማ ፈነዳ። ከጎኑ ያለው ጎማ የሁለቱን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄደ እሱም ተከተለ። የያዙት ስኮርታ አንድ ብቻ ስለነበር ሌላ ጎማ እስኪመጣላቸው ድረስ ከረዳታቸው ጋር ፀሐይ ላይ ዋሉ። ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት መጥተው ይቅርታ ሲጠይቁን «ጎማው እኮ አዲስ ነው፤ ከገዛሁት አምስት ወር አይሞላውም፤ ጥርሱም ሙሉ ነበር» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ታዲያ አዲስ ጎማ ለምን ፈነዳ? ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ጋር ይዘን ነገሩን መረመርን። ያገኘነውንም በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ለወላጆችና ለልጆች ለማካፈል ወደድን።

ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ሆኗል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላም ብዙው ጭነት በመኪና መመላለሱን አላቆመም። ከቡላኦስ ወጥተን ፒኬ 12 ብንደርስ ተራ የሚጠብቁትን ተሳቢዎች እናያለን። ከዚያ በዲክሂልና በጋላፊ አድርገው፣ በሰመራ፣ በሚሌ፣ በአዋሽና በአዳማ አልፈው አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። የመንገዱ ትልቁ ክፍል የአፋር በረሃ ነው። የሾፌርና የረዳት ልጆች ደግሞ በየክፍላችን አሉ።

የጎማ ጠላቱ ማን ነው? ብዙዎቻችን ድንጋይና ሚስማር ይመስለናል። በረጅም መንገድ ላይ ግን የባሰው ጠላት ሙቀት ነው። አንድ ቀጭን ሽቦ ወስደን በአንድ ቦታ ላይ ቶሎ ቶሎ ብናጣጥፈው የታጠፈበት ቦታ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። ጎማም እንዲሁ ነው። መሬት በነካ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ከመሬት ሲነሳ ይዘረጋል። አንድ የከባድ መኪና ጎማ አንዴ ሲዞር 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን 900 ኪሎ ሜትርን ለዚህ ሲያካፍሉት ከ270 ሺህ በላይ ዙር አገኙ። እያንዳንዱ ዙር አንድ መታጠፍ ነው። በዚህ ላይ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የበጋችን ሙቀትና የጋለው አስፋልት ይጨመራል። የጎማው ንፋስ ካነሰ ደግሞ ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ሙቀቱ ይበረታል፣ በጎማው ውስጥ ላስቲኩንና ሽቦውን ያጣበቀው ነገር ይላላል። ያኔ ሚስማር ሳይወጋው ይፈነዳል።

የተሳቢ ጎማ ከፊተኛው ጎማ ይልቅ የሚጎዳበት ምክንያትም አለ። የፊት ጎማ ሲበላሽ ሾፌሩ በመሪው ይሰማዋል። የተሳቢው ጎማ ግን ከኋላ ርቆ ስለሚገኝ ንፋሱ ሲያልቅ ላይታወቅ ይችላል። ባለ ብዙ አክስል ተሳቢ ሲጠመዘዝ ጎማዎቹ ወደ ጎን ይፋተጋሉ። በዚያ ላይ ከፊት ያረጀውን ጎማ ወደ ተሳቢው የማዞር ልማድ አለ። እንዲህ ሲሆን ደካማው ጎማ ብዙ ጉዳት ያለበትን፣ ጥቂት ክትትል የሚያገኘውን ቦታ ይይዛል።

እንግዲህ ጎማ ስንገዛ ምን እንይ? መልሱ የተጻፈው በራሱ በጎማው ጎን ላይ ነው።

አንደኛው ልኩ ነው። 315/80 አር 22.5 የሚል ብናገኝ፣ 315 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 80 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ መሆኑን ይናገራል። «አር» የሚለው የላቲን ፊደል ራዲያል የተባለውን አሠራር ያመለክታል፤ 22.5 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ልኩ ከቸርኬውና ከጎን ጓደኛው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የሸክም ቁጥሩ ነው። ከልኩ ቀጥሎ እንደ 156/150 ያለ ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ጎማው ለብቻው ሲገጠም፣ ሁለተኛው ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም የሚችለውን ክብደት ያመለክታል። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ አይደለም፤ በሰንጠረዥ ይተረጎማል። 156 ማለት 4,000 ኪሎ፣ 150 ማለት 3,350 ኪሎ ነው። ስለዚህ በአንድ አክስል ላይ በጥንድ የተገጠሙ አራት ጎማዎች አብረው ሊሸከሙ የሚችሉት 13,400 ኪሎ ነው። ከጥንዱ አንዱ ቢተነፍስ ግን የቀረው ከ3,350 ወደ 6,700 ኪሎ ሊገባ ነው። በተማሪያችን አባት ላይ ሁለተኛው ጎማ ወዲያው የፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የፍጥነት ፊደሉ ነው። ከሸክም ቁጥሩ ጎን አንድ የላቲን ፊደል አለ። «ጄ» እስከ 100፣ «ኬ» እስከ 110፣ «ኤል» እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ወሰን እንጂ የሚመከር ፍጥነት አይደለም።

አራተኛው የተሠራበት ጊዜ ነው። «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚሉት ፊደላት በኋላ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። የፈነዳው ጎማ ላይ የተጻፈው 2315 ነበር። አባትየው ይህን ቁጥር ሲገዙ አይተውታል፤ ሻጩም «የ15 ሥሪት ነው» ብሏቸዋል። እሳቸው 2015 ዓ.ም. መሰላቸው፤ ገና የአንድ ዓመት ጎማ ነው ብለው ተደሰቱ። ነገር ግን በጎማ ላይ የሚጻፈው የፈረንጆች ዘመን ነው። ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ነበር። ሲፈነዳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ በመጋዘን ውስጥ አርጅቷል ማለት ነው። ላስቲክ በሙቀትና በአየር ብዛት ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ መሆኑ ይህን አያሳይም። አንዳንድ ታዋቂ ፋብሪካዎች አምስት ዓመት ያገለገለ ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ መልኩ ቢያምርም እንዲቀየር ይመክራሉ። በዓመት አቆጣጠራችን መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት እዚህ ላይ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከተገዛ በኋላ የሚጠብቀው ንፋሱ ነው። ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በተለይ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው። መንገድ ላይ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ በረሃ መካከል ቆሞ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳልና። ከጅቡቲ ሙቀት ወጥተው ደጋ ላይ ያደሩ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይለኩ። ከሚገባው ንፋስ አንድ አምስተኛውን ያጣ ጎማ እንደተነፈሰ ጎማ ሊቆጠር ይገባል። 120 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያስፈልገው ጎማ 96 ላይ ከደረሰ መንገድ ከመቀጠል በፊት ጎሚስታ ይየው። በእግር መምታት ወይም በብረት መደብደብ መለኪያን አይተካም፤ ከጥንዱ ውስጠኛውም ሳይለካ መታለፍ የለበትም።

ጀልባ ወደ ባሕር የሚጎትት ትንሽ ተሳቢም ሕጉ ያው ነው። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ለአንድ ዓይነት መንገድ ከትልቁ የበለጠ ይዞራል። ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለሚከርም ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ጨዋማው ውሃም ቸርኬውንና ኩሽኔታውን ይበላል። ስለዚህ ሩቅ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ጎኑን መዳሰስ፣ ዘመኑን ማንበብ፣ ከባሕር ሲወጣም በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይገባል።

ርካሽ ጎማ ሁሉ መጥፎ፣ ውድ ጎማ ሁሉ ጥሩ ነው አንልም። የታወቀ ስም ያለው ጎማም ካረጀ ያው ያረጀ ነው። ስኮርታውም ቢሆን ዓመታት ከተሳቢው ሥር ተንጠልጥሎ ሊያረጅ ስለሚችል ዘመኑ ይነበብ።

ያን የፈነዳ ጎማ አባትየው ለትምህርት ቤታችን ሰጡን። አሁን በግቢያችን ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ ቁጥሮቹን ማንበብ ይችላሉ። ልጅቷም አባቷ ጎማ ሊገዙ ሲሄዱ አብራ ትሄዳለች፤ ተንበርክካ አራቱን አሃዞች ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸውም ወደ እኛ ዘመን እስክትለውጥላቸው ድረስ ገንዘብ አያወጡም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ተማሪዎች ሆይ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ለመንገድ ሲሰናዱ በተሳቢው ዙሪያ አብራችሁ ዙሩ፤ የምታነቡትን ንገሯቸው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሲያነቡላችሁ ስሟቸው። በሚቀጥለው የመዝጊያ በዓል ሁላችሁንም በግቢያችን ለማየት እንሻለን። መልካም መንገድ።