የአፈር ፖታስየም መጠንና የባሌ ደጋ ደኖች ጤንነት

አንገቱ፦ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ በማቋረጥ ቁልቁል ወደ ሐረና የሚጓዝ መንገደኛ ሁለት የተለያዩ ደኖችን ይመለከታል። በስተሰሜን በዲንሾና በጎባ አካባቢ ጥድና ኮሶ የሚገኙበት፣ ዝናቡ አነስ ያለው የደጋ ደን አለ። በስተደቡብ አንገቱ በምትገኝበት አቅጣጫ ደግሞ የጫካ ቡና መገኛ የሆነው እርጥበታማው የሐረና ደን ተዘርግቷል።

ለሁለቱም ደኖች ጤንነት ወሳኝ ከሆኑት ንጥረ ነገሮች አንዱ ፖታስየም ነው። ንጥረ ነገሩ በቅጠል ላይ የሚገኙት ረቂቅ ቀዳዳዎች እንዲከፈቱና እንዲዘጉ በማድረግ ዛፉ የሚያወጣውን ውኃ ለመቆጣጠር ያስችላል፤ ድርቅንና ውርጭን የመቋቋም አቅሙንም ያጎለብታል። እጥረት ሲከሰት በቅድሚያ የቆዩ ቅጠሎች ጠርዝ ይገረጣል፤ ቀጥሎም ይደርቃል።

የኢትዮጵያ አፈር በፖታስየም የበለጸገ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ዓመታት ጸንቶ በመቆየቱ ለአርሶ አደሩ ይቀርቡ የነበሩት ማዳበሪያዎች በዋናነት ዳፕና ዩሪያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ግን በበርካታ የደጋ አካባቢዎች የፖታስየም እጥረት መኖሩን አመልክቷል።

በአፈር ውስጥ ካለው ፖታስየም አብዛኛው በማዕድናት ውስጥ የታሰረ ሲሆን ሥር በቀላሉ ሊያገኘው የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው። ይህም ወደ ሥር የሚደርሰው በአፈር ውስጥ ባለው ውኃ አማካይነት ነው። በመሆኑም በደረቅ ደጋ በምርመራ የተገኘው መጠን በቂ ቢሆንም እንኳ አፈሩ እርጥበት ካጣ ዛፉ ሊራብ ይችላል። ስለዚህ የምርመራውን ውጤት ከዝናቡ ሁኔታና ከአፈሩ ዓይነት ጋር አገናዝቦ ማንበብ ይገባል።

ደን ያለ ማዳበሪያ የሚኖረው ከአፈር የወሰደውን በረገፈ ቅጠልና በጭራሮ መልሶ ስለሚሰጥ ነው። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድና የከብቱ እበት በኩበት መልክ ወደ ምድጃ ሲገባ ይህ ዑደት ይቋረጣል። እሳትም ቢሆን የሚተወው አመድ በፖታስየም የበለጸገ ቢሆንም በተራቆተ ተዳፋት ላይ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል። በ1992 ዓ.ም በባሌ ደኖች ላይ የደረሰው ከፍተኛ ቃጠሎ የሚታወስ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁንና የደኑ ጤንነት የሚጠበቀው ዛፍ እንዳይቆረጥ በመከላከል ብቻ አይደለም። በየደረጃው የሚገኙ የግብርናና የደን ጽሕፈት ቤቶች የረገፈ ቅጠል በመሬቱ ላይ እንዲቆይ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንዲስፋፋ፣ የቤት አመድም ወደ ጓሮ መሬት እንዲመለስ ቢያደርጉ ያለ ብዙ ወጪ የአፈሩን ፖታስየም በስፍራው ማቆየት ይቻላል።