ጨዋታው ከሮቤ፣ ሰርቨሩ በዶላር

በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ተማሪ የስልክ ጨዋታ ልሥራ ቢል መሣሪያው አያስቸግረውም። ጎዶት የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌርም ሆነ ሥዕል የሚዘጋጅበት ብሌንደር በነፃ ይገኛሉ፤ ከሽያጭም ድርሻ አይጠይቁም። ኪስ የሚነካው ሮቤ ያለው ተጫዋች ጎባ ወይም አዲስ አበባ ካለው ጓደኛው ጋር በኢንተርኔት ይግጠም ሲባል ነው።

ለመሆኑ ሁለት ስልኮች በቀጥታ ተገናኝተው ማጫወት አይችሉም ወይ? ይችላሉ፤ ዳኛ ግን የላቸውም። ለምሳሌ ገበጣ ቢሆን፣ ጠጠሩን የሚቆጥረው የየራሳቸው ስልክ ከሆነ ፕሮግራሙን ነካክቶ አራቱን ጠጠር አምስት የሚያደርግ አይታጣም። ስለዚህ ቆጠራው በመካከል ላለ ሰርቨር ይሰጣል። ስልኩ ከየትኛው ጉድጓድ እንደተነሣ ብቻ ይናገራል፤ ሰርቨሩ ሕጉን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይመልሳል፤ ውጤቱንም ለሁለቱም ያሳውቃል።

ዳኛው የት ይቀመጥ? አማዞን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ኬፕታውን ላይ የሰርቨር ማዕከል ከፍቷል። ቦታው ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሴኮንድ ያልፋል። ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ከሮቤ አዲስ አበባ ያለው 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ለደርሶ መልስ 5 ሚሊ ሴኮንድ አይሞላም። ጨዋታ ሲጎተት ተራራውን መውቀስ የተለመደ ነው፤ የኔትወርኩ ጥራት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ የርቀቱ ዕዳ የሚመጣው መልእክቱ ከአገር ሲወጣ ነው።

ለተኩስና ለመኪና እሽቅድምድም ይህ መዘግየት ብዙ ነው። በየተራ ለሚጫወቱት ገበጣ ግን ተጫዋቹ ራሱ ከዚያ በላይ ስለሚያስብ አይታወቅም። በዳታም ቢሆን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሴኮንድ 20 ጊዜ፣ በየጊዜው 100 ባይት የሚልክ ጨዋታ በሰዓት ከ7 ሜጋ ባይት በላይ ይልካል፤ የሚቀበለው ሳይቆጠር ማለት ነው። አንድ መቶ እርምጃ ያለው ገበጣ ለእያንዳንዱ 200 ባይት ቢወስድ እንኳ 20 ኪሎ ባይት ነው። በካርድ ዳታ ለሚገዛ ተማሪ የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው።

የሚያሳስበው የዶላሩ ነገር ነው። ጎግል ፕሌይ ላይ ጨዋታ ለማቅረብ አንድ ጊዜ የሚከፈለው 25 ዶላር፣ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 1,400 ብር ገደማ ነበር። ዶላሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ከ2,500 ብር በላይ ሆኗል። ይህስ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ የውጭ አገር ሰርቨር ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል፤ ተጫዋች ቢኖርም ባይኖርም። ክፍያውም ውጭ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል፤ ተማሪ ከየት ያመጣዋል?

የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ በ2010ዎቹ ለገበያ ያቀረበው ኩኩሉ፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት ጨዋታ ነው። ዶሮዋን አንድ ሰው ብቻውን ስለሚያስሮጣት፣ መሐል ሆኖ የሚዳኝ ሰርቨር የግድ አያስፈልጋትም። ለጀማሪ ይህም አንድ መንገድ ነው።

በጋራ ካልሆነ አይሆንም ለሚሉ ደግሞ ርካሹ መነሻ የግቢው የውስጥ ኔትወርክ ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በላቦራቶሪ ውስጥ ሰርቨር ይሆናል፤ ተማሪዎች በዋይፋይ ይገቡበታል፤ ዳታም ዶላርም አይነካም። መብራት ሲጠፋ ግን ዳኛውም አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም ሰርቨሩ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ የጠጠሩን ሁኔታ ዲስክ ላይ እንዲመዘግብ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት፤ ይህ በኋላ ልጨምረው ቢሉት ግማሹን ፕሮግራም እንደገና የሚያስጽፍ ነው። ጨዋታው ከግቢ ወጥቶ ገንዘብ የሚያመጣበት ቀን ከመጣም፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቴሌብር ትናንሽ ሒሳቦችን በብር ለመሰብሰብ ያመቻል። በብር የተሰበሰበው የዶላሩን ኪራይ ይሸፍን እንደሆነ የሚታወቀው በግቢው ሙከራ ስንት ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ እንደገባ ሲቆጠር ነው።