አኩሪ አተር በአጋሮ ጓሮ

አጋሮ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ቡና ነው፤ ከቤት ጀርባ ደግሞ በቆሎ፣ ጎደሬ፣ ሙዝና ጎመን አይጠፋም። ባቄላና አተር ደጋውን ስለሚመርጡ የአጋሮ ሰው ለሽሮው የሚሆነውን እህል በአብዛኛው ከገበያ ይሸምታል። አኩሪ አተር ግን 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላለው ለዚህ ወይናደጋ ይስማማል። ፍሬው 40 በመቶ ያህል ፕሮቲን፣ 20 በመቶ ያህል ዘይት አለው። በየጓሮው ቢለመድ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

የሚዘራው ዝናቡ ከተደላደለ በኋላ፣ በሰኔ ነው። ጥላ አይወድም፤ ቡና ሥር ቢዘራ እየቀጠነ ይረዝማል እንጂ ደህና አያፈራም። ፀሐይ የሚያገኘው ገላጣ ቦታ ተመርጦ፣ በመስመሮች መካከል ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በፍሬዎች መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይዘራል።

ዘር ሲመረጥ የቀኑን ርዝመት ማሰብ ያስፈልጋል። አኩሪ አተር ማበብ የሚጀምረው የሌሊቱን ርዝመት ለክቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሰኔ ቀኑ 15 ሰዓት በሚደርስበት አካባቢ የተዳቀለ ዝርያ፣ አጋሮ ሲመጣ የሚያገኘው ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ሳያድግ ቶሎ ያብባል። ከአሜሪካ የመጣው ክላርክ-63ኬ የሚባለው ዝርያ እዚህ በመካከለኛ ጊዜ ይደርሳል። በለሳ-95 የሚባለው ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል። የትኛው ለየትኛው ቀበሌ እንደሚሻል ለመጠየቅ ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሥሩ ላይ ነው። ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኘው ከባክቴሪያ ጋር ተባብሮ ነው፤ የአኩሪ አተር ባክቴሪያ ግን ከዚህ በፊት ተዘርቶበት በማያውቅ አፈር ውስጥ በብዛት አይገኝም። ስለዚህ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ጥላ ውስጥ በስኳር ውኃ ረጠብ ተደርጎ ባክቴሪያው ባለበት ሕያው ማዳበሪያ ይታሻል፣ ወዲያውም አፈር ይለብሳል፤ ፀሐይ ካገኘው ባክቴሪያው ይሞታል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አንስቶ ሥሩን አጥቦ ማየት ነው። የአተር ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ይታያሉ። አንዱን በጥፍር ሲከፍቱት ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ ሥራው ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ ናይትሮጅን አያገኝም። የጅማ አካባቢ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ በመሆኑ የእርሻ ኖራ ያልነካው መሬት ባክቴሪያውን ያዳክመዋል።

አረሙ ሁለት ጊዜ ይነቀላል። ነሐሴ ላይ ትናንሽ አበቦች፣ ከዚያም ሁለት ሦስት ፍሬ ያቀፈ ፀጉራም እሸት ይመጣል።

አስቸጋሪው አጨዳው ነው። ቅጠሉ ረግፎ፣ ቅርፊቱ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነቀንቁት ፍሬው ሲንኳኳ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ያኔ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ቀይ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ቢዘገይ ቅርፊቱ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። ጠል ሳይደርቅ በማለዳ ቢታጨድ ብክነቱ ይቀንሳል፤ ጓሮው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከለቀማ በፊት አንድ ማለዳ ይበቃዋል።

ወጥ ቤት ሲገባ ማንም መዝለል የሌለበት ነገር ማብሰል ነው። ጥሬው አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያውክ ነገር አለበት፤ ሙቀት ያጠፋዋል። አድሮ ተዘፍዝፎ፣ ልጣጩ በእጅ ታሽቶ ወጥቶ ይቀቀላል፣ ከዚያ ደርቆ ይቆላና ከሽምብራ ወይም ከአተር ጋር ሽሮ ይሆናል። ለጾም ወተት የሚፈልግ ደግሞ የተዘፈዘፈውን ፈጭቶ፣ አጥሎ፣ እያማሰለ በደንብ ያፈላዋል።

ለዘር የሚቀረው ዘይት ስለበዛበት በእርጥበትና በሙቀት የመብቀል አቅሙን ቶሎ ያጣል። በደንብ ደርቆ በሚከደን ዕቃ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ግንቦት ላይ 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለሳምንት ማየት ይገባል፤ ከ16 በታች ከበቀለ በየመስመሩ የሚዘራውን መጨመር ወይም አዲስ ዘር መፈለግ ነው።